ውሃው በፈረቃ፣ ቢሉ እጥፍ፦ ከቆጣሪው ጀምረን እንፈልገው

አያት ሁኑ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ ሁኑ ኮዬ ፈጬ፣ በአዲስ አበባ ዳር ዳሩን የምንኖር ሰዎች የውሃ ቢል ሲመጣ የምንለው አንድ ነው፦ «በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን መስኮቱ ጋ ሄዳችሁ «በዛብኝ» ብቻ ካላችሁ መልሱም የታወቀ ነው፦ «ቆጣሪው የቆጠረውን ነው።» አለቀ። ስለዚህ ብሩን ለጊዜው ተዉትና ቁጥሩን ያዙ።

በነገራችን ላይ በፈረቃ መምጣቱ ብቻውን ትንሽ ተጠቅማችኋል ማለት አይደለም። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ በሳምንት ሁለቴ ከሞላ 4 ሜትር ኩብ ነው። በወር 17 ገደማ ይገባል። ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ያገኘነውን ዕቃ ሁሉ የምንሞላውንም ጨምሩበት።

መጀመሪያ ቆጣሪውን ማንበብ

ክዳኑን ክፈቱ፣ መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ብዙ ግቢ ውስጥ ቆጣሪው ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ነው ያለው፣ መስታወቱም ከውስጥ ላብ ይይዛል፣ እዚህ ላይ 3 እና 8፣ 1 እና 7 በቀላሉ ይምታታሉ። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብ ናቸው። ቢል የሚሰራው በእነሱ ነው። ቀዮቹ ከሜትር ኩብ በታች ያሉትን ሊትሮች ነው የሚያሳዩት። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፣ በእኛ ልክ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ብዙዎቹ ቆጣሪዎች ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን የምትመስል ነገር አለች፣ ቀጭን ውሃ እንኳን ሲያልፍ የምትሽከረከር። እሷን አስታውሱ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

አሁን ቢሉን አምጡ። ያለፈው ንባብ፣ የአሁኑ ንባብ፣ የሁለቱ ልዩነት። ልዩነቱ የወሩ ፍጆታችሁ ነው።

ቢሉ ላይ ያለው ንባብ ቆጣሪው ላይ ካለው ይበልጣል

ይሄ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ቆጣሪያችሁ ዛሬ 348 እያለ ቢሉ ከሁለት ሳምንት በፊት 378 ካለ፣ ወይ በስህተት ተነቧል ወይ በግምት ተሞልቷል። ቆጣሪ ይህን ያህል ወደ ኋላ አይሄድም። የቆጣሪውን መለያ ቁጥርና ንባቡን በአንድ ፎቶ አንሱና ይዛችሁ ሂዱ። ማንም ሊከራከራችሁ አይችልም።

አንዳንዱ «በሚቀጥለው ወር ይካካሳል» ይላችኋል። ቁጥሩ ሊካካስ ይችላል። ብሩ ግን ላይካካስ ይችላል፣ ምክንያቱም የውሃ ታሪፍ በእርከን ነው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም ከፍ ይላል። ስለዚህ የታረመ ቢል ጠይቁ እንጂ ተስፋ ይዛችሁ አትመለሱ።

ንባቡ ልክ ነው፣ ግን አንድ ወር ላይ ብቻ ዘሏል

ያለፉትን ወራት ቢሎች ደርድሩ። ፍጆታው 5፣ 5፣ 5 ሜትር ኩብ እያለ መጥቶ ድንገት 24 ካለ፣ እነዚያ የተደጋገሙ 5ዎች ናቸው መጠርጠር ያለባቸው። በየወሩ እኩል ውሃ የሚጠቀም ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቆጣሪ አንባቢው በመጣ ቁጥር በሩ ተቆልፎ ወይም ውሻው ተለቆ ከሆነ በግምት ይሞላል። አንድ ቀን እውነተኛውን ቁጥር ሲያገኝ የቀረው ሁሉ በአንድ ወር ላይ ይወድቃል።

በደንብ ያልታየው ጉዳት ደግሞ እዚህ ነው። ለአራቱ ወራት በእኩል ቢከፋፈል በየወሩ ወደ 10 የሚጠጋ ይሆን ነበር። በአንድ ወር ሲቆለል ግን ትርፉ ውድ ወደ ሆነው እርከን ይገባል፣ እናንተ በእውነት አንድም ወር 24 ሜትር ኩብ ሳትጠቀሙ። ስለዚህ ስታመለክቱ «ብሩ ይቀነስልኝ» አትበሉ፤ «ፍጆታው በተጠራቀመባቸው ወራት ተከፋፍሎ በየወሩ እርከን ይሰላልኝ» በሉ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለወደፊቱ ደግሞ ቆጣሪው ከአጥር ውጭ ሊነበብ የሚችልበት ቦታ ላይ ካልሆነ፣ ቀን ቤት ለሚውል ሰው ወይም ለጎረቤት አደራ በሉ።

ሌላው ቀላል ነገር የቀኑ ብዛት ነው። በሁለቱ ንባቦች መካከል 30 ቀን ነው ወይስ 40? ጳጉሜ የገባችበትማ ያለ ጥፋቷ ቢሉን ታሳብጣለች።

ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ቆጣሪው ይዞራል

እንግዲህ ይሄ የፍሳሽ ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ፍተሻው ውሃ በሚመጣበት ቀን ካልተሰራ ትርጉም የለውም። መስመሩ ባዶ ከሆነ ቆጣሪውም አይዞር፣ እናንተም ተታላችሁ ትቀራላችሁ። ውሃው በግፊት ሲመጣ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ፣ ወደ ሮቶ የሚያስገባውንም ዝጉ። ከዚያ ያቺን ኮከብ እዩዋት። ዝግ ብላም ቢሆን ከዞረች ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። እሷ ከሌለች ቀዮቹን ቁጥሮች ጻፉና ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱ።

ቀጥሎ፣ ከቆጣሪው በኋላ ቤቱ መግቢያ ላይ መዝጊያ ካለ እሱንም ዝጉ። ቆጣሪው ከቆመ ፍሳሹ ቤት ውስጥ ነው። ካልቆመ ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ባለው መሬት ውስጥ ነው። የእኛ ሰፈሮች ችግር ይሄኛው ነው፤ ቧንቧው ብዙ ጊዜ ጥልቅ ሳይቀበር ነው የሚያልፈው፣ ከላዩ ለግንባታ አሸዋና ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ይመላለስበታል፣ አንዱ ለአጥር ሲቆፍር ይነካዋል። ምልክቱን በበጋ ፈልጉ፦ ሁሉም ቦታ ደርቆ አንድ መስመር ብቻ ለምለም ሳር ካበቀለ፣ ወይም ዝናብ ሳይዘንብ ረግረግ ያለ ቦታ ካለ፣ እዚያ ቆፍሩ። በክረምት ግን ይሄን ምልክት አትመኑት።

«ትንሽ ናት» የምትሏት ፍሳሽ ምን ያህል ናት? የአንድ ሊትር ሃይላንድ ከሥሯ አድርጉ። በሦስት ደቂቃ ከሞላች በሰዓት 20 ሊትር፣ በቀን 480፣ በወር ከ14 ሜትር ኩብ በላይ ነው። ውሃ ሁልጊዜ ካለ ማለት ነው፣ ግን ሮቶ ካላችሁ ለእሷ ሁልጊዜ አለ።

ደንቡን ደግሞ እወቁት፦ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ፍሳሽ የደንበኛው ነው፣ ጥገናውም ቢሉም። ከቆጣሪው በፊት ያለው የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። እሱን በ906 ደውላችሁ ወይም ቅርንጫፍ ሄዳችሁ አሳውቁ፣ የደወላችሁበትንም ቀን ጻፉ።

ስንዘጋው ቆጣሪው ቀጥ ይላል፣ ቢሉ ግን አሁንም ብዙ ነው

ሮቶውን ጠርጥሩ። ከላይ ባለው ፍተሻ የሮቶውን መግቢያ ዘግታችኋል፤ ስለዚህ ከሮቶው በኋላ የሚፈሰው ነገር ቆጣሪው ላይ አልታየም። ሽንት ቤቱ ከሮቶ ነው የሚጠጣው፣ ሻወሩም እንደዚያው።

ማታ ሮቶው ከሞላ በኋላ መግቢያውን ዝጉ፣ የውሃውን ልክ ምልክት አድርጉ፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ ማንም አይክፈት። ጠዋት ከወረደ ሽንት ቤቱን ተመልከቱ። የውሃ ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ የቀይ ሥር ጭማቂ ጨምሩና ሳትለቁት ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ከታች መቀመጫው ውስጥ ቀይ ከመጣ ከሥር ያለችው ጎማ አልቃለች። ጎማዋ ከቢሉ ጋር ስትነጻጸር ምንም ናት።

ሁለተኛው የሮቶው ፍሎተር ነው። ሲሞላ የሚዘጋው እሱ ነው። ከተበላሸ ውሃው ሌሊት ሲመጣ ሮቶው ይሞላል፣ ከዚያ በትርፍ ማፍሰሻው ጣሪያ ላይ እየወረደ እስኪነጋ ይሄዳል። ቤተሰቡ ተኝቷል፣ ጠዋት ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ማን ያያል? ጣሪያው ወይም ግድግዳው ላይ ወደ ታች የወረደ የዝገትና የአረንጓዴ ሽበት መስመር ካያችሁ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ተከራዮች፣ አንድ ቆጣሪ፣ ብዙ ሰርቪስ

አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ከተጠቀመ ፍጆታው ተደምሮ ከፍ ያለ እርከን ላይ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ቢሆን ርካሹ ላይ ይቀር የነበረው። የማንም ተንኮል አይደለም፣ ስሌቱ ነው። ግን አከራዩ በሰው ቁጥር ሲያካፍል ቢሉን ራሱን ማየት መብታችሁ ነው። በጨዋ አነጋገር፦ «ጋሼ፣ ቢሉን ፎቶ ላንሳውና እኛም ቆጣሪውን በየወሩ አብረን እንይ።» ግቢ ውስጥ ለጎረቤት በጀሪካን የሚሸጥ ወይም ብሎኬት የሚያመርት ካለ በሰው ቁጥር መካፈሉ ፍትሐዊ አይደለም፣ ይሄንንም አለማለት ይሉኝታ ብቻ ነው።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ

ቆጣሪዎቹ ከታች ተደርድረዋል፣ ቁጥር የተጻፈባቸው በማርከር ነው፣ ማርከሩ ከለቀቀ ቆይቷል። የእናንተ ነው የምትሉት ቆጣሪ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ቤት ውስጥ ቧንቧ ይክፈት፣ ሌላው ከታች ሆኖ የትኛው እንደሚዞር ይይ። የተለዋወጠ ከሆነ ሁለታችሁም አብራችሁ አመልክቱ፤ ብቻችሁን ከሄዳችሁ ጎረቤታችሁን የከሰሳችሁ ይመስላል፣ ጉዳዩም ይጓተታል።

ሜትር ኩቡ ያው ነው፣ ብሩ ብቻ ጨምሯል

ቢሉን መስመር በመስመር አንብቡ። ውዝፍ አለ? ቅጣት? የቆጣሪ ኪራይ? ታክስ? የታሪፍ ለውጥ ከሆነ ጎረቤትም ላይ ይታያል፣ ጠይቁ። አዲስ ቤት የገባችሁ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ነዋሪ ዕዳ አብሮ እንዳልመጣ እዩ፣ የገባችሁበትን ቀን ንባብ ከውሉ ጋር ማያያዝ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው።

አየር ነው የቆጠረው?

ሰፈር ውስጥ በጣም የሚወራው ይሄ ነው። ውሸት አይደለም፦ መስመሩ ባዶ ቆይቶ ውሃው ሲመጣ አየሩን እየገፋ ያልፋል፣ ቆጣሪውም ይዞራል። ቧንቧው ሲያፏጭ ሰምታችኋል። ግን የወሩ ቢል ሦስት እጥፍ ከሆነ ከአየር በፊት ሽንት ቤቱን ጠርጥሩ። ውሃ ሊመጣ ሲል ቧንቧውን ከፍቶ ከመጠበቅ ዘግታችሁ ቆዩና ፉጨቱ ካለፈ በኋላ ክፈቱ።

ቆጣሪው ራሱ ከተበላሸ

ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ብቻ ወደዚህ ኑ። ልኩን በደንብ የምታውቁትን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከቆጣሪው በቀጥታ ከሚመጣ ቧንቧ አሥር ጊዜ ቅዱ። ሌላ ነገር ሁሉ ይዘጋ። ቆጣሪው 200 ሊትር አካባቢ መጨመር አለበት። እስከ አፉ የሞላ ጀሪካን ከ20 ትንሽ ይበልጣልና በጥቂት ሊትር አትጣሉ። 250 ወይም 300 ካለ ግን በቪዲዮ ቅረጹትና የቆጣሪ ፍተሻ በጽሑፍ ጠይቁ። ከመጀመራችሁ በፊት ለፍተሻው ክፍያ ይኑር አይኑር ጠይቁ።

ስትሄዱ

ማመልከቻው አንድ ገጽ ይሁን፦ የደንበኛ ቁጥር፣ የቆጣሪ መለያ ቁጥር፣ የትኛው ወር፣ ቢሉ ያለው ንባብ፣ እናንተ ያያችሁት ንባብ ከነቀኑ፣ የምትጠይቁት ነገር። ታሪክ አትጻፉ። ያለፉት ስድስት ወራት ቢሎች ኮፒ አያይዙ። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ የራሳችሁ ኮፒ ላይ ቀንና ማህተም አስመቱ፣ «ለእገሌ በቃል ነግሬዋለሁ» በሚቀጥለው ሳምንት እገሌ ፈቃድ ሲወጣ አብሮ ይጠፋል።

የመክፈያ ቀኑ ሳያልፍ ሂዱ። ቅሬታ ያለበት ቢል እስኪጣራ ቅጣት እንዳይቆጠር፣ ውሃውም እንዳይቆረጥ እዚያው ማመልከቻ ላይ ጠይቁ። ፍሳሹ የእናንተ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛውን ደረሰኝና የጥገናውን ፎቶ ይዛችሁ ዕዳውን በየወሩ ከፋፍላችሁ ለመክፈል ጠይቁ። ቆጣሪው አብዝቶ እንደሚቆጥር ከተረጋገጠ ግን አዲስ ቆጣሪ ተቀብላችሁ ብቻ አትውጡ፤ ያለፉት ወራትም እንዲታረሙ አብራችሁ አመልክቱ፣ የአሮጌውን የመጨረሻ ንባብም ሳይነቀል ፎቶ አንሱት።