«ወረቀት ተለጥፏል» ሲሏችሁ

ባለፈው ሐሙስ ማታ ጅዳ ያለችው የአክስቴ ልጅ አንድ ፎቶ በኢሞ ላከችልኝ። ደሴ ያለው ወንድሟ ከቀበሌ ሰሌዳ ላይ ያነሳው ነው። ግማሹን የልጁ ጥላ ወርሶታል። ማህተሙ ተቆርጧል። ወረቀቱን ነፋስ እንዳያነሳው በአውራ ጣቱ ተጭኖታል፤ የተጫነው ደግሞ ልክ ቀኑ ላይ! የሚነበበው «ባለይዞታዎች... በ10 ቀን ውስጥ... ባትቀርቡ» የሚለው ብቻ ነው። ከሥሩ «ቤቱን ሊወስዱብኝ ነው እንዴ?» ብላ ጽፋለች።

አብሽሪ አልኳት። ልጁ በማግስቱ ተመልሶ ሦስት ፎቶ አነሳ፦ ሙሉ ገጹን፣ ራስጌውን፣ ማህተምና ቀኑን። ለካ ለይዞታ ማረጋገጥ ሰነዳችሁን ይዛችሁ ቅረቡ የሚል ጥሪ ነው። የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ችላ የሚባልም አይደለም።

እንግዲህ ውጭ አገር ሆናችሁ እንዲህ ያለ ፎቶ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የምታዩት ራስጌውን ነው። ወረቀቱ የማን ነው? የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ቤት፣ የሐይቅ ወይም የወልዲያ የገጠር መሬት ጉዳይ የሚያልቀው በከተማው፣ በወረዳውና በክልሉ መሥሪያ ቤት ነው። የአማራ ክልል ሕግ የሚታተመው «ዝክረ ሕግ» በሚባለው የክልሉ ጋዜጣ ነው። ፓስፖርትና ጉምሩክ ግን የፌዴራል ናቸው። የፌዴራል አዋጅና ደንብ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ሁለቱ ከተጣሉ የአማርኛው ያሸንፋል። አሜሪካ ያላችሁ እንግሊዝኛውን ብቻ አንብባችሁ አትቁረጡ ለማለት ነው።

ቀጥሎ፣ ሕግ ነው ወይስ ረቂቅ? ቲክቶክ ላይ «አዲስ አዋጅ ወጣ» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው ረቂቅ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተወያይቶ ወደ ፓርላማ የመራው አዋጅ ገና አልጸደቀም። ቋሚ ኮሚቴ ያየዋል፣ አስተያየት ይሰበሰብበታል፣ አንቀጽ ይቀየራል። በረቂቅ ደንግጦ ቤት በርካሽ የሸጠ ሰው አውቃለሁ። ደላላው ግን አልደነገጠም።

ከጸደቀም በኋላ «የተፈጻሚነት ወሰን» የምትለዋን አንቀጽ ፈልጉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320ን እዩት። ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። አዲስ አበባና ድሬዳዋ በስም ተጠቅሰዋል። የክልል ከተሞች ላይ ግን የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ነው። ስለዚህ ደሴ ፒያሳ ላይ ያከራያችሁት ቤት ያላችሁ ሰዎች የአዲስ አበባ ዘመድ የነገራችሁን ይዛችሁ ከተከራይ ጋር አትጨቃጨቁ። መጀመሪያ ለደሴ ምን እንደተወሰነ አስጠይቁ።

አሁን ወደ መመሪያ። አዋጅን ፓርላማ፣ ደንብን የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያወጣል። ሰውን የሚያንገላታው ይሄ የመጨረሻው ነው። አንድ ጊዜ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ «አይቻልም፣ መመሪያ ወጥቷል» ተባልኩ። ቁጥሩን ጠየቅኩ። ሰውዬው ወደ ውስጥ ገባና ሻይ ይዞ ተመለሰ። ቁጥር አልመጣም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1183። የፌዴራል ተቋም መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ለሕዝብ ማሳወቅ አለበት። ለአስተያየትም ቢያንስ 15 የሥራ ቀን ይሰጣል። ጅዳም ሆናችሁ ዲሲ በጽሑፍ መላክ ይቻላል። የጸደቀው መመሪያ ደግሞ ፍትሕ ሚኒስቴር ይመዘገባል፤ ካልተመዘገበ ተፈጻሚ አይሆንም። ስለዚህ «ቁጥሩ ስንት ነው? የት ተመዘገበ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በትህትና ጠይቁ፣ ግን ጠይቁ። ይህ አዋጅ ለፌዴራል ተቋማት ነው፤ የቀበሌውን ሰውዬ በሱ አትሟገቱት።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ቀኑን ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲነሳ፣ በ2011ዱ አዋጅ 1161 መሠረት የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ሰው ቅሬታ የሚያቀርበው በ30 ቀን ውስጥ ነው። እናንተ እስክትሰሙ 20ው ሊያልቅ ይችላል። ፍርድ ቤት የጠራው ተከሳሽ ካልቀረበ ነገሩ በሌለበት ይታያል። ሩቅ ያላችሁ ሰዎች አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ በሚወጣው የፍርድ ቤት ጥሪም ስማችሁን ፈልጉ። በሌላችሁበት ከተፈረደ፣ መጥሪያው በወጉ ካልደረሳችሁ ወይም ያልቀረባችሁበት በቂ ምክንያት ካለ፣ ፍርዱን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በ1 ወር ውስጥ እንዲነሳ ማመልከት ይቻላል። ሲበዛ ጠባብ በር ናት።

ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ጳጉሜንም አትርሱ። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ማለት በጅዳ ሰዓት 9 ነው። ሳዑዲ ያላችሁ እሑድ ሥራ ስለምትገቡ ደሴም ቢሮ የተከፈተ ይመስላችኋል። ዝግ ነው።

የቀረው፣ በናንተ ስም ማን ይቀርባል? ብዙው ሰው «ጠቅላላ ውክልና ሰጥቻለሁ» ብሎ እፎይ ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 እና 2205 ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለማስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ማሳደስ። ለመሸጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ በስጦታ ለመስጠት፣ ለመታረቅ፣ ለመክሰስና ለመከራከር ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሥልጣኑ በወረቀቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ። በሌላ በኩል፣ ወንድም ነው ብላችሁ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» የምትለዋን ሳያስፈልግ አትጨምሩ። ወንድምን መጠርጠሬ አይደለም። ወንድምም ዕዳ ይይዘዋል።

ቆንስላ የተፈረመው ውክልና በቀጥታ ደሴ አይሠራም። ዋናው ወረቀት አዲስ አበባ ሄዶ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ይቀርባል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። 10 ቀን የሚል ወረቀት ተለጥፎ ውክልና መጻፍ ከጀመራችሁ አይደርስም።

የአክስቴ ልጅ ለወንድሟ የሰጠችው ጠቅላላ ውክልና ነበር። ለይዞታው ጥሪ ወንድሟ በሱ ቀርቦ ሰነዶቹን አስገብቷል። ቀጣዩ የእረፍት ቀኗ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ለቆንስላው የምትወስደውን ጽሑፍ ትናንት ማታ አብረን አረቀቅን፦ «እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ እንዲከራከር፣ ቅሬታ እንዲያቀርብ»። «እንዲሸጥ» የምትለዋን ራሷ ሰረዘቻት።