የልብ ሕመም ያለባቸው ሕፃናትና የማረጋጊያ መድኃኒት ጥናቶች፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉም የከፋው ስህተት «የልብ ሕመም ያለባቸው ሕፃናት» ብሎ ሁሉንም አንድ ላይ መጨፍለቅ ነው። ልብ ከልብ ይለያል። ፕሮፖፎል የተባለውን በደም ሥር የሚሰጥ የማረጋጊያና የማደንዘዣ መድኃኒት እንውሰድ። የደም ሥሮችን ያላላል፣ የደም ግፊትን ያወርዳል። በልቡ ግድግዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል። ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት የተባለው፣ አብሮ የሚወለድ የልብ ጉድለት ያለበት ልጅ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በልቡ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ደም ወደ ሳንባ የሚሄድበት መንገድም ጠቧል። የሰውነት ደም ሥሮች ሲላሉ፣ ኦክስጅን ያላገኘው ደም ሳንባን ትቶ በቀዳዳው በኩል ወደ ሰውነት ይሾልካል። ጣቱ ላይ የተደረገው የኦክስጅን መለኪያ 85 በመቶ ያነበበው ወደ 60 ሲወርድ፣ ከንፈሩም ሲጠቁር ዓይናችሁ እያየ ነው። ሁለቱን ልጆች ደምሮ አማካይ ያወጣ ጥናት ይህን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ውጤቱን ከማየቴ በፊት የትኛው ልጅ ምን ዓይነት ልብ እንዳለው የሚያሳየውን ሰንጠረዥ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው፣ «ምንም ችግር አልታየም» ሲባል «አስተማማኝ ነው» ብሎ መረዳት። 60 ልጆች ተጠንተው አንድም ችግር አልደረሰም እንበል። አንድም ችግር ባልታየበት ጥናት፣ አደጋው እስከ ስንት ሊደርስ እንደሚችል ለመገመት 3ን በተጠኑት ልጆች ቁጥር ማካፈል የተለመደ ስሌት ነው። 3ን ለ60 አካፍሉት፤ 5 በመቶ ይመጣል። ትክክለኛው አደጋ ከ20 ልጆች አንዱን የሚነካ ቢሆን እንኳ ጥናቱ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ልብ ቀዶ ሕክምና ላይ ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ፕሮፖፎል ለረጅም ሰዓት ሲሰጥ የሚያስከትለው ከባድ ችግር ትኩረት የሳበው እ.ኤ.አ. በ1992 የ5 ሕፃናት ሞት ሪፖርት ከተደረገ በኋላ ነበር።

ኬታሚን በተባለው ሌላ ማደንዘዣ ላይ ደግሞ የቆየ እምነት አለ፦ «የሳንባ ደም ግፊትን ይጨምራል» ይባላል። ልጁ እንዴት ይተነፍስ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ትንፋሹ ሲደክም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ እሱ ራሱ የሳንባ ደም ሥሮችን ያጠባል። አተነፋፈሱ በደንብ በተጠበቀባቸው ጥናቶች ላይ ለውጡ ጥቂት ሆኖ ተገኝቷል። ጥፋቱ የመድኃኒቱ ሳይሆን የትንፋሹ ሊሆን ይችላል።

ዴክስሜዴቶሚዲን የተባለው ማረጋጊያ የልብ ምትን ያዘገያል። ይህን ጉዳት ብቻ ወይም ጥቅም ብቻ አድርጎ መጻፍ ስህተት ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚነሳውን አደገኛ የፈጠነ ምት ሊቀንስ እንደሚችል በርካታ ጥናቶች ያሳያሉ። ጨቅላ ሕፃን ግን ደም የሚያዳርሰው በአብዛኛው በምቱ ፍጥነት ነው። መጠኑን ብቻ ሳይሆን በስንት ደቂቃ እንደተሰጠም ጻፉ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የመተንፈሻ ቱቦው ከልጁ የወጣበትን ሰዓት እንደ ዋና ውጤት መያዝም ያሳስታል። ክፍሉ ቱቦ የሚያወጣው ጠዋት ጠዋት ብቻ ከሆነ የለካችሁት መድኃኒቱን ሳይሆን የክፍሉን ልማድ ነው።

የመጨረሻው የአእምሮ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ትልቅ ጥናት፣ በጨቅላነታቸው ለሄርኒያ ቀዶ ሕክምና ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሰመመን የወሰዱ ልጆች 5 ዓመት ሲሞላቸው በሰውነት ክፍል ማደንዘዣ ብቻ ከታከሙት የተለየ የአእምሮ ዕድገት እንዳላሳዩ ገልጿል። ደስ የሚል ዜና ነው። የልብ ሕፃን ግን ለሰዓታት ይተኛል፣ ደጋግሞ ይታከማል፣ አንጎሉም ቀድሞ የኦክስጅን እጥረት ያየ ሊሆን ይችላል። እናት «አእምሮዋን ይጎዳት ይሆን?» ብላ ስትጠይቅ፣ የሄርኒያውን ጥናት ጠቅሶ «አይዞሽ» ማለት ተገቢ አይደለም።