ከሥራ ወደ ጡረታ ቀስ ብሎ እንዴት መሸጋገር ይቻላል?

ብዙ ሰው ጡረታን የአንድ ቀን ጉዳይ አድርጎ ነው የሚያየው። ዛሬ ሥራ፣ ነገ ቤት። እንዲህ ድንገት ሲመጣ ሰው ይደነግጣል። ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብለው ቢጀምሩ ይሻላል።

መጀመሪያ የግል ማህደርዎን አስወጥተው ይዩ። የትውልድ ቀን፣ የስም አጻጻፍ፣ የተቀጠሩበት ቀንና የተከፈለው መዋጮ አንድ በአንድ ይመሳከር። ስህተት ካለ አሁኑኑ ያስተካክሉ። ከወጡ በኋላ ለዚህ ደጅ መጥናት በጣም ያደክማል።

ቀጥሎ አበልዎ ስንት እንደሚደርስ ያስሰሉ። አንድ ዓመት ቢቆዩ ምን ያህል እንደሚጨምርም ይጠይቁ። ጭማሪው ቀላል ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ በአሜሪካ ሙሉ የጡረታ ዕድሜ ደርሰው አበሉን ሳይጀምሩ ለሚቆዩ ሰዎች እስከ 70 ዓመታቸው በየዓመቱ 8 በመቶ ይጨመርላቸዋል። የጤና መድንዎ ከሥራው ጋር አብሮ ይቋረጥ እንደሆነም ይወቁ።

ከዚያ ልምምዱ ይመጣል። ከሁሉም አጥብቄ የምመክረው ይሄን ነው። ገና ደመወዝተኛ ሳሉ፣ ለስድስት ወር በአበልዎ ልክ ብቻ ይኑሩ። ደመወዝ የገባ ቀን ልዩነቱን ወደ ቁጠባ ያዙሩት፤ ወይም ዕዳ ይዝጉበት። የቱ ጋ እንደሚያጥርዎ ከማንም ስሌት በላይ ኪስዎ ይነግርዎታል። የተጠራቀመው ደግሞ የመጀመሪያው አበል ቢዘገይ ይደርስልዎታል። ትዳር ካለዎት ልምምዱ የሁለታችሁ ይሁን። አንዳችሁ ብታልፉ ለቀሪው ምን እንደሚተላለፍም አብራችሁ ጠይቁ።

አሠሪዎ ከፈቀደ የሥራ ቀንዎን ወደ አራት፣ ከዚያም ወደ ሦስት ይቀንሱ። ግን ይጠንቀቁ፦ አበሉ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝ የሚሰላ ከሆነ፣ ቀን ሲቀንስ አበሉም ሊቀንስ ይችላል። አስቀድመው ያጣሩ። ባተረፉት ቀን ጡረታ ስወጣ እሠራዋለሁ ያሉትን ነገር ይሞክሩት። ምናልባት አይወዱት ይሆናል። ያን አሁን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ርክክቡን ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት። በጽሑፍ የሌለ፣ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ብዙ ነገር አለ። የትኛው ማሽን ከመበላሸቱ በፊት ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ፣ የትኛው ደንበኛ በአካል ካላነጋገሩት እንደማይግባባ። መጀመሪያ እርስዎ ይሥሩ፣ ተተኪው ይይ። ቀጥሎ እሱ ይሥራ፣ እርስዎ ይዩ።

ሲወጡ የሥራ ልምድ ማስረጃዎን ይያዙ፤ የሚወዷቸውን ባልደረቦች ስልክም እንዲሁ። ከአንዳቸው ጋር ለቀጣዩ ሳምንት ከወዲሁ ተቀጣጥረው ይውጡ።