ትል ሳይነካው የተበላ ጥርስ፦ ሥሩ ከውጭ ሲሸረሸር እንዴት ይጠገናል?

ልጅ እያለሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከሳይክል ወድቄ የፊት ጥርሴ ተመታ። ደማ፣ ዳነ፣ ተረሳ። ከዓመታት በኋላ መስታወት ፊት ቆሜ ስፍቅ ድዱ አጠገብ ሮዝ ነጥብ አየሁ። «አቦ ተወው፣ ካላመመህ ምን አስጨነቀህ?» ተባልኩ። ችግሩ እሱ ነው፤ ይሄ ነገር አብዛኛውን ጊዜ አያምም።

እኛ ዘንድ የተቦረቦረ ጥርስ ሁሉ «ትል በላው» ነው። ይሄን ግን የሚበላው የራስ ሰውነት ነው። የሥሩ ሽፋን ሲጎዳ አጥንት የሚያፈርሱትን የሚመስሉ ሴሎች ከውጭ ይሸረሽሩታል። ምት፣ ብሬስ (ጥርስ ማቃኛ ሽቦ) ወይም ጥርስን ከውስጥ ማንጣት ሊያስነሳው ይችላል።

መጀመሪያ ራጅ። አንድ አይበቃም፣ ከሁለት አቅጣጫ ይነሳ። ጥላው ቦታ ከቀየረ፣ የነርቩም መስመር በጥላው ውስጥ ሳይቋረጥ ከታየ፣ ጉዳቱ ከውጭ ነው። የጥርስ ሲቲ ከተገኘ እሰየው፤ ጥልቀቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሥሩ ውስጥ ጠልቆ ከተሰራጨ ብር ከማፍሰስ መንቀሉ ይሻላል። ትንሽና ድዱ አካባቢ ከሆነ ግን ይጠገናል።

ጥገናው ላይ ጥርሱ ይደነዝዛል፣ ድዱ ይከፈታል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው የሚደማ ሥጋ ተፍቆ ይወጣል። ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ሥጋው ሳይወጣ ከላይ ቢደፈን ከሥር መብላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች 90 በመቶ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ በቅንጣት ጥጥ ያስነኩታል። የተረፈው ሥጋ ነጭ ይሆናል፣ ደሙም ይቆማል። ድዱን ግን እንዳይነካው! ጉድጓዱ ነርቩ ጋ ከደረሰ ሩት ካናል (የነርቩን መስመር አጽድቶ መድፈን) ይጨመራል። ከዚያ ጉድጓዱ በግላስ አዮኖመር ወይም በባዮዴንታይን ይሞላል፤ የሚታየው ፊቱ በጥርሱ ቀለም ኮምፖዚት ይሸፈናል።

ድዱ ይሰፋል። ክሩ እስኪወጣ፣ ሳምንት አካባቢ፣ ለስላሳ ምግብ ብሉ። ፉል ይበቃል፤ ቆሎ ይቅር። በርጫም እንደዚያው፣ ቅጠሉ ቁስሉ ላይ ይሰገሰጋል። (ድሬ ላይ ይሄን መናገር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።)

ከ6 ወር በኋላ፣ ከዚያም በየዓመቱ ራጅ ተነሱ፤ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የድሮውን ራጅ አትጣሉ። አዲሱ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።