ሲቪዎን ከመላክዎ በፊት ስምዎን ራስዎ ይፈልጉት

የሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ ብዙ ሰው የሚሮጠው ሲቪውን ወደ ማስተካከል ነው። ቀጣሪው ግን ሲቪውን ካነበበ በኋላ፣ አንዳንዴም ሳያነብ፣ ስምዎን ጎግልና ፌስቡክ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ተገቢ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ለማንኛውም፣ ማስረጃ ከማያያዝዎ በፊት ስምዎን ራስዎ ለመፈለግ ጊዜ ይስጡ።

ስምዎን እንደ ባዳ ይፈልጉ

ስልክዎ ላይ ክሮምን በኢንኮግኒቶ፣ ማለትም አካውንትዎ በማይገባበት መስኮት ይክፈቱ፤ በራስዎ አካውንት ገብተው ከፈለጉ የሚያዩት ባዳ ሰው ከሚያየው ሊለይ ይችላል። ስምዎን ከነአባትዎ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይጻፉ፣ ቀጥሎ ከነአያትዎ። እኛ ዘንድ አንዱን ከሞክሼው የሚለየው ብዙ ጊዜ የአያት ስም ነው። በላቲን ፊደል ብቻ አይቁሙ። በአማርኛም ይሞክሩት፣ ያውም በየአጻጻፉ፤ «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ብለው ሲፈልጉ የሚመጣልዎ ሊለያይ ይችላል።

የብዙ ሰው ጣጣ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ዲግሪው ላይ አንድ ስፔሊንግ፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ፣ ሊንክድኢን ላይ ሦስተኛ፣ ፌስቡክ ላይ ደግሞ «የእናቱ ልጅ»። ቀጣሪው እነዚህ ሁሉ አንድ ሰው መሆናቸውን የማጣራት ግዴታ የለበትም። ከሲቪው ጋር አብሮ የሚታየው የትምህርት ማስረጃዎ ስለሆነ እሱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ይያዙ፤ ሲቪው፣ ኢሜይሉና ሊንክድኢኑ በእሱ ይሁኑ። ፌስቡኩ በቅጽል ስም መቆየት ከፈለገ ይቆይ፣ ግን ለጓደኛ ብቻ ይዘጋ።

ፌስቡክ ላይ ከፎቶው ይልቅ ኮሜንቱን ይፈትሹ

ሰው የሚጨነቀው ለፎቶ ነው። በእኔ ግምት በሠርግ ላይ ቢራ ይዘው የተነሱት ፎቶ እንደ አንድ መስመር ስድብ አይጎዳዎትም። የፖለቲካ አቋም መያዝ ነውር አይደለም። ችግሩ በሰው ብሔር ወይም ሃይማኖት ላይ በንዴት የተጻፈው ነው፣ በተለይ ያኔ አገር ሲታመስ እኩለ ሌሊት ላይ የተለጠፈው። አብሮት የሚሠራው ሰው ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ቀጣሪ ይህን አይቶ አያልፍም። ከሥራውም በላይ፣ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በወንጀል የሚያስጠይቅ ሕግ ነው።

በሴቲንግ ውስጥ የቆዩ ፖስቶችን በአንድ ጊዜ ለጓደኞች ብቻ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን ይጫኑ። ነገር ግን ይህ በሌላ ሰው ፔጅ ሥር የጻፉትን ኮሜንት አይነካም። እሱን ለማግኘት አክቲቪቲ ሎግ ውስጥ ይግቡና ኮሜንቶችዎን በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሄዱ ይዩ። አሰልቺ ነው፣ ግን ዋናው ሥራ እሱ ነው። የቀድሞ አለቃዎን የረገሙበትንም አብረው ያጥፉ። ያጠፉት ነገር ጎግል ላይ ለጊዜው ቢታይ፣ ጊዜው ያለፈበትን ውጤት እንዲያድስ መጠየቂያ ጎግል ራሱ አለው። ስክሪንሾት ያነሳ ሰው ካለ ግን መድኃኒት የለውም።

ቴሌግራም

ዛሬ ብዙ ማስታወቂያ «ሲቪዎን በቴሌግራም ይላኩ» ይላል። እንግዲህ ቀጣሪው ከሲቪዎ በፊት የሚያየው የፕሮፋይል ፎቶዎን፣ ስምዎንና ባዮዎን (ከስምዎ ጋር ስለራስዎ የጻፉትን አጭር መስመር) ነው። አዲስ ፎቶ ማስገባት አይበቃም፤ የድሮዎቹ ካልጠፉ ጣት ሲንሸራተት አንድ በአንድ ይወጣሉ። «ልቤ ተሰብሯል» የሚለውን ባዮ በሙያዎ ይተኩት። ስልክ ቁጥርዎን ማንም እንዳያይ ያድርጉ፤ ሲቪው ላይ ስላለ የሚፈልግዎ አያጣዎትም። የፋይሉም ስም የእርስዎ ስም ይሁን፤ «አዲሱ ሲቪ የመጨረሻ 2» የሚል ፋይል ከመቶ ሲቪ መካከል ማን ፈልጎ ያገኘዋል?

እግረ መንገድዎን ትሩኮለር (የደዋዩን ስም የሚያሳየው አፕ) ያለው ጓደኛ ጋር ይደውሉና በምን ስም እንደሚወጡ ይጠይቁ። ሰዎች ስልካቸው ላይ የመዘገቡበት የቀልድ ስም ቀጣሪው ስልክ ላይ ብቅ ሊል ይችላል።

የሚታይ ነገር ያስቀምጡ

ሁሉን አጥፍቶ ባዶ መሆን ግብ አይደለም። ሊንክድኢን ላይ ከስም ሥር «ሥራ ፈላጊ» ብሎ መጻፍ ምንም አይናገርም። «አካውንታንት፣ ፒችትሪና የታክስ ሥራ» ቢል ግን በዚያ ቃል የሚፈልግ ሰው ያገኝዎታል። ሥራ ላይ ሆነው ሌላ የሚፈልጉ ከሆነ፣ ሥራ መፈለግዎን ቀጣሪዎች ብቻ እንዲያዩት ማድረግ ይቻላል፤ የአሁኑ መሥሪያ ቤትዎ ፈጽሞ እንደማያየው ግን ሊንክድኢን ራሱ ዋስትና አይሰጥም።

የእጅ ሙያ ያለው ሰው ደግሞ ሊንክድኢን ላይኖረው ይችላል። ኤሌክትሪሻን፣ አናጺ ወይም ልብስ ሰፊ ከሆኑ የሠሩትን በፎቶ፣ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ፣ የቴሌግራም ቻናል ከፍተው ያስቀምጡ። ሊንኩን ሲቪው ላይ ይጻፉት። የደንበኛን ቤት ከማንሳትዎ በፊት ግን ያስፈቅዱ።

አንድ ነገር ግን ሲቪው ላይ አይኑር፤ የፋይዳ ወይም የፓስፖርት ቁጥር። ማን እንደሚያነበው በማይታወቅ ቻናል በኩል ሲላክ የመታወቂያ ስካንም አብሮ አይሂድ። ድርጅቱ መርጦ ከጠራዎት በኋላ፣ ቢሮው ሄደው ያሳዩታል።