የወጪና ገቢ ንግድን ለውጥ በአገር ለይቶ ለማንበብ

ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ካፌ ተቀምጦ፣ ከዚያው ብዙም የማይርቀው ብሔራዊ ባንክ በየሩብ ዓመቱ የሚያወጣውን መረጃ የሚያነብ ሰው፣ በቅድሚያ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 እንደሚያበቃ ያስታውስ። ቡና ወቅት ጠብቆ የሚጫን ምርት በመሆኑ፣ አንዱ ሩብ ዓመት መነጻጸር ያለበት ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሩብ ጋር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ዋጋንና መጠንን መለየት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ወደ ጀርመን አምና 1,000 ቶን ቡና በ5 ሚሊዮን ዶላር፣ ዘንድሮ ደግሞ 900 ቶን በ5.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ እንበል። ገቢው 8 በመቶ ቢያድግም የተላከው ቡና 10 በመቶ ቀንሷል፤ ጉድለቱን የሸፈነው የአንድ ቶን ዋጋ ከ5,000 ወደ 6,000 ዶላር መውጣቱ ነው። «ዕድገት» ብሎ ከመጻፍ በፊት ይህን ማስላት ለአንባቢ ያለብን ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

በብር የተቀመጠውን ወደ ዶላር ይመልሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ስላለፈ፣ በብር ብቻ የሚታይ ጭማሪ ያሳስታል።

የንግድ ሸሪክ ሲለዩ ጅቡቲ ላይ ይጠንቀቁ። በወደቧ ያለፈ የቻይና ማሽን ከቻይና የመጣ ገቢ ንግድ እንጂ ከጅቡቲ የመጣ አይደለም። የሁለት አገሮች መዝገብ ሳይገጥም ቢቀር ደግሞ ወዲያው ስህተት አይበሉት፤ ሻጩ የመርከብ ጭነትና የኢንሹራንስ ወጪን ሳይጨምር፣ ገዢው ግን ጨምሮ መመዝገቡ የተለመደ ነው።