ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልክ የሚያነሳ፦ የማስታገሻ ሕክምና ሰጪ ስትመርጡ

እናቴ ያረፈችው ኮምቦልቻ፣ ገዛ ቤቷ፣ ገዛ አልጋዋ ላይ ነው። የጡት ካንሰር ነበረባት። ወደ አጥንቷ ከገባ በኋላ ከጥቁር አንበሳ "ከእንግዲህ ቤት ወስዳችሁ አስታምሟት" ብለው ሸኙን። 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ዝም ብለን ተመለስን። ሰባት ወር አስታመምናት። በነዚያ ሰባት ወራት ሁለት የቤት ለቤት ሕክምና ሰጪዎች ደጃችንን ረግጠዋል። የመጀመሪያው እናቴን አሰቃያት። ሁለተኛዋ ከሕመሟ አሳረፈቻት። መጀመሪያውኑ ምን ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ ባውቅ ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት እንደዚያ ባልሆኑ ነበር። ይህን የምጽፈው አሁን በዚያ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው።

ሆስፒስ ሲባል ብዙ ሰው ሕንፃ ይመስለዋል። የአያያዝ፣ የማስታገሻ ሕክምና ስም ነው። በሽታው አይድንም ከተባለ በኋላ ሰውየው ሳይሰቃይ፣ ክብሩ ሳይነካ እንዲኖር የሚደረግ እንክብካቤ ነው። ዘመናዊውን ሆስፒስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ የጀመረችው ሲሲሊ ሳውንደርስ ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም፣ የሐሳብም፣ የቤተሰብም፣ የመንፈስም ነው ትል ነበር። እኛም አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሟል። ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ስትፈልጉ ሰሌዳ አትዩ። የምታገኙት ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ ልትሆን ትችላለች። የግል ክሊኒክ ወይም የጤና ጣቢያ ባለሙያም ሊሆን ይችላል። ማንም ይሁን ማን፣ መመዘኛው አንድ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ "ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ብትታመምብኝ ለማን ነው የምደውለው?"

ቀን ላይ ሁሉም ደግ ነው። የመጀመሪያው ድርጅት ሰው ነጭ ጋወን ለብሶ፣ ቦርሳ ይዞ ነበር የመጣው። ግፊቷን ለካ፣ ግሉኮስ ሰቀለ፣ ሒሳብ ጽፎ ሄደ። ያን ሌሊት እናቴ ጀርባዋን ይዛ ተነሳች። ስትጮህ ጎረቤት እንዳይሰማ ነጠላዋን ነክሳ ነበር። ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። እስኪነጋ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲያነሳ "ፓራሲታሞል ስጧት" አለኝ። ስለዚህ "24 ሰዓት እንሠራለን" በሚል ቃል እንዳትረኩ። የሚያነሳው ማን እንደሆነ፣ እሱ ከሌለ ማን እንደሚተካው ጠይቁ። ከመስማማታችሁ በፊት አንድ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ደውሉና ሞክሩት። አያሳፍርም። ባለሙያው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ በመሀል ያለው የሐረጎ ተራራ መንገድ ጉም ሲለብስ እንዴት እንደሚያደርግ ይንገራችሁ። ሁለተኛዋ ነርስ ለዚህ የነበራት መልስ ግልጽ ነበር፦ "እኔ ባልደርስም ምን እንደምትሰጪያት አስቀድሜ አሳይሻለሁ፣ መድኃኒቱም ቤትሽ ይኖራል።" እውነተኛ መልስ እንዲህ ነው።

ቀጥሎ ሕመምን እንዴት እንደሚይዙት እዩ። እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ብትመዝኑ አትቆጩም።

ሁለተኛዋ ነርስ፣ ሲስተር የምንላት፣ የመጣች ቀን እጇን ታጠበች፣ ዱካ ስባ ከእናቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እኔን አልጠየቀችኝም። "እማማ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?" አለቻት። እናቴ እንደ ልማዷ "ተመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ" አለች። ሲስተር የራሷን እጅ ጨበጠችና አሳየቻት። "ይሄ ጭብጥ ምንም አያመኝም ማለት ነው። አንድ ጣት ትንሽ ያመኛል። አምስቱም ሲዘረጉ ከዚህ የባሰ የለም። አሁን ስንት ነው?" እናቴ ዝም አለች። ከዚያ ነጠላዋ ሥር አራት ጣት ወጣ። ሁለት ወር ሙሉ አራት ጣት ተሸክማ "ደህና ነኝ" ስትለን ነበር። እኛ እናት የምንላቸው ሴቶች "አመመኝ" ማለት አያውቁም። ሕመምን ጠይቆ፣ ለክቶ፣ ጽፎ የማይሄድ ባለሙያ ስለ ሕመም ምንም አላወቀም ማለት ነው።

ሞርፊን ሲነሳ የሚመልሱትንም አዳምጡ። ሠፈሩ "ሞርፊን የሞት መድኃኒት ነው፣ ሱስ ያስይዛል" ይላል። ባለሙያውም አብሮ ከፈራ ሌላ ፈልጉ። ጥሩው ባለሙያ ለካንሰር ሕመም በሐኪም ትእዛዝ፣ በልክ የሚሰጥ ሞርፊን ሰውን ሱሰኛ የማድረጉ ዕድል እጅግ አነስተኛ እንደሆነ በእርጋታ ያስረዳችኋል። የሚጠጣው ሞርፊን የሚሠራው ለ4 ሰዓት ያህል ስለሆነ ሕመም እስኪመጣ አይጠበቅም፣ በሰዓቱ ይሰጣል። ለእናቴ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ምሽት 12 እና ማታ 4 ሰዓት ነበር። የማታውን ሐኪሙ እጥፍ አድርጎ አዘዘላት፣ እስኪነጋ እንድትተኛ። በመሀል ሕመሙ ጥሶ ከወጣ የሚሰጥ ተጨማሪ መጠንም ተጽፎልን ነበር። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሞርፊን ሆድ ያደርቃል። ከእሱ ጋር አብሮ የሆድ ማለስለሻ ያላሳዘዘ ሰው ሥራውን አያውቅም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደሚያንቀላፋና ሊያቅለሸልሽ እንደሚችል፣ ከዚያ እንደሚቀልም አስቀድሞ መናገር አለበት። መድኃኒቱ በልዩ ማዘዣ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ማን እንደሚያዝ፣ ከየት እንደሚወጣ፣ ሊያልቅ ስንት ቀን ሲቀረው እንደሚታደስ ጠይቁ። ዓርብ ማታ ያለቀ ሞርፊን ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

ከዚያ እጃቸውን ተመልከቱ። ሲስተር ብርድ ልብሱን ገልጣ ተረከዝ፣ ዳሌ፣ የጀርባ ጫፍ አየች። ቀላ ያለ ቦታ ሲገጥማት በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። "ሲጫን ነጣ ብሎ ከተመለሰ ጥሩ ነው። ቀይ ሆኖ ከቀረ ቁስል እየመጣ ነው" አለችኝ። በየሁለት ሰዓቱ እንዴት እንደማገላብጣት፣ በጉልበቶቿ መሀል ትራስ እንዴት እንደማስገባ እያሠራች አስተማረችኝ። አፏን ከፍታ አየች፣ ምላሷን በጨው ውሃ በራሰ ጎዝ ጠረገች፣ ከንፈሯን ቫዝሊን ቀባች። የመጀመሪያው ሰውዬ በሁለት ወር ውስጥ አንድ ቀን ብርድ ልብስ ገልጦ አያውቅም።

የጡቷ ቁስል ይሸት ነበር። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን ብዙ ቤት ያለ ነገር ነው። ዕጣን እያጨስን እንሸፍነዋለን። እናቴ ቡና ጠጪ ጎረቤቶቿን በሰበብ በአስባቡ መመለስ ጀምራ ነበር። ሲስተር ቁስሉን በጨው ውሃ አጥባ፣ የሜትሮኒዳዞል ክኒን አድቅቃ ነሰነሰችበት። በየቀኑ። በሳምንቱ ሽታው ቀነሰ። እናቴ "በሉ ቡና አፍሉ፣ እነ እትዬን ጥሯቸው" አለች። ያን ዕለት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጣ። ባለሙያው ለበሽተኛ ያለውን ክብር ማወቅ የምትፈልጉ ከሆነ ሽታ ሲሸተው ፊቱን እዩት።

እውነትን እንዴት እንደሚናገሩም መዝኑ። እኛ ቤት "አትንገሯት" ተብሎ ነበር። እህቴ ጅዳ ናት። ብር የምትልከው እሷ ነች፣ በኢሞ እየደወለች "ሆስፒታል አስገቧት" ትለናለች። ሲስተር ለእናቴ አልዋሸቻትም፣ ግን በላይዋ ላይም አልወረወረችባትም። "እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?" ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ሁሉንም ታውቅ ነበር። እኛን ላለማሳዘን ነው ዝም ያለችው። በማግስቱ ሲስተር እህቴን በኢሞ ይዛ፣ ወንድሜንና እኔን አስቀምጣ፣ አንድ ላይ አነጋገረችን። ከዚያ በኋላ የስልክ ጭቅጭቁ ቀረ። ቤተሰቡን አንድ ላይ ለማስቀመጥ ጊዜ የማይሰጥ ሰው ሕክምናው ግማሽ ነው።

ስለ ግሉኮስም እንዲሁ። መጨረሻው ሲቃረብ በሽተኛ መብላት ያቆማል። ሠፈሩ ደግሞ "እህል ሳትቀምስ ልትገድሏት ነው? ግሉኮስ ስቀሉላት" ይላል። የሰቀለ ሁሉ የረዳ ይመስላል፣ ገንዘብም ይከፈልበታል። ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰውነት ፈሳሹን መጠቀም ሲያቅተው እብጠት ይጨምራል፣ ደረትም ያንኮራኩራል። "ይሄ አሁን አይጠቅማትም፣ አፏን አርጥቡላት" ብሎ ከዘመድ ጉርምርምታ ጋር የሚጋፈጥ ባለሙያ ካገኛችሁ አትልቀቁት። ያ ሰው ለበሽተኛው የቆመ ነው።

እምነትን በተመለከተ ወሎ ነውና ይህ አይቀርም። በፍልሰታ እናቴ ቅዳሴ ሳይወጣ ሽሮፑን አልቀምስም አለች። ሲስተር አልተቆጣቻትም። "የንስሐ አባትዎን እንጥራ" አለች። አባ መጥተው መድኃኒት ምግብ አይደለም ብለው አሳመኗት። ሌላ ቤት ለረመዳን እንዲሁ ከሼኹ ጋር ተነጋግራ እንደምታውቅ ነግራኛለች። ገና ሲመጣ "በመጨረሻው ሰዓት ማን እንዲጠራ ትፈልጋላችሁ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥሩ ምልክት ነው።

ወረቀቱ አጭር ነው። የሙያ ፈቃድ ይታያችሁ። በጉብኝት ስንት፣ ለሌሊት ስንት፣ የመድኃኒትና የትራንስፖርት ለብቻ ይሁን አብሮ፣ ተጽፎ ይቀመጥ። ደረሰኝ ይቆረጥ። ክፍያ አስቀድሞ ለወራት የሚጠይቅን ተጠንቀቁ።

ከሁሉ በላይ የምተማመነው ምስክር ግን ያዘነ ቤት ነው። የቅሬ (የዕድር) ዳኛችሁን ጠይቁ፣ ማን ቤት ማን እንዳስታመመ ያውቃል። አርባው ካለፈ በኋላ ሂዱና ቡና ጠጡ። "ጥሩ ነበር ወይ?" አትበሉ፣ "ጥሩ ነበር" ነው የሚሏችሁ። "የመጨረሻዋ ሳምንት እንዴት ነበረች? ሌሊት ስትደውሉ ያነሱ ነበር? ካረፈች በኋላ ተመልሰው መጥተዋል?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ሲስተርን ያገኘኋት እንዲህ ነው። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ያሉ አንዲት እናት ባላቸውን ካሳረፉ ሦስት ወራቸው ነበር። ስሟን ስጠይቃቸው አለቀሱ፣ ከዚያ ስልኳን በቃላቸው ነገሩኝ።

የያዛችሁት ሰው ካልሆነ ቀይሩ። ይሉኝታ እኔን ሁለት ወር አስከፍሎኛል። "ብዙ ደክሟል፣ ምን ይለናል" እያልን ቆየን። የምርመራ ወረቀቱንና የመድኃኒት ዝርዝሩን ተቀበሉ፣ አመስግኑ፣ ሸኙ። የሚቀጥለው ከመግባቱ በፊት ግን ያለው መድኃኒት እንዳይቋረጥ።

ዛሬውኑ መጀመር የምትችሉት አንድ ነገር አለ፣ ደብተር። ሲስተር ባለመስመር ደብተር ገዝታ አምስት ዓምድ አሰመረችልኝ፦ ሰዓት፣ ሕመም በጣት፣ የተሰጠ መድኃኒት፣ ሆድ፣ እንቅልፍ። ባለሙያው በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ደብተሩን የሚያነብ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ሳያይ የሚያዝ ከሆነም ታውቁታላችሁ። ሲስተር ጫማዋን አውልቃ ገና ሳትቀመጥ "ደብተሩን አምጪልኝ" ነበር የምትለው። በሠልስቱ ስትመጣም የተረፈውን ሞርፊን ወደ ፋርማሲ ልትመልስ ቆጥራ ተረከበች፣ ደብተሩን ግን "አንቺ ጋ ይቀመጥ" አለችኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በኔ እጅ ጽሑፍ "4 ጣት፣ 4 ጣት፣ 5 ጣት" ይላል። የመጨረሻው መስመር ላይ "ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ጭብጥ፣ ተኝታለች" ይላል።